መለኪያውን የሚመረምር ሙያ፦ የኬሚካል ቴክኖሎጂ ትምህርት በአሜሪካ የሁለት ዓመት ኮሌጆች



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ከዚሁ ፋኩልቲ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ የወጣ፣ ኋላም የዲቪ ዕድል ደርሶት ወደ አሜሪካ የተሻገረ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ እዚህ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ኬሚካል ቴክኖሎጂ ልማር ነው፤ ለቤተሰቦቼ ግን አልነገርኳቸውም፤ ማስተርስ የምማር ይመስላቸዋል» አለኝ። ያሳፈረው ነገር ዲግሪ ይዞ ወደ ዲፕሎማ መውረዱ ነበር። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ደካማ ነበር፤ «ትምህርት ሁሉ ትምህርት ነው፣ አይዞህ» ብዬ ዘጋሁት። ዛሬ የምናገረው ያኔ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ነው።

ጉዳዩ ለእኔም እንግዳ አይደለም። የዶክትሬት ጥናቴን በውጭ አገር በምሠራበት ዘመን በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚገኘውን የሌድ ማለትም የእርሳስ ብረት መጠን እለካ ነበር። የምፈልገው መጠን እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ መሣሪያውን የማስተካክለው መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ መፍትሔ፣ እኛ ስታንዳርድ በምንለው ነበር። ለሦስት ወራት ያህል ውጤቴ ከሳምንት ወደ ሳምንት ከፍ እያለ ሄደ። በውኃው ውስጥ ያለው ሌድ እየጨመረ ነው ማለት ነው። እኔም ደስ አለኝ። ስለ አሮጌ ቧንቧዎች መበላት አንድ ሙሉ ምዕራፍ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ዲፕሎማ ብቻ የነበራት ሴት፣ በትከሻዬ በኩል ግራፉን አይታ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ይህን ስታንዳርድ መቼ አዘጋጀኸው? በምን ዕቃ አስቀመጥከው? አሲድ ጨምረህበታል?

አሲድ አልጨመርኩበትም። በጣም የቀጠነ የሌድ መፍትሔ ናይትሪክ አሲድ ካልገባበት ብረቱ ቀስ በቀስ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስታንዳርዴ በየሳምንቱ እየሳሳ ነበርና መሣሪያው ከሳሳ መፍትሔ ጋር እያነጻጸረ ናሙናዎቼን ከእውነተኛው መጠናቸው አብልጦ ያነብልኝ ነበር። ውኃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያዬ ነበር። የሦስት ወር ሥራ ተጣለ፤ ምዕራፉም ቀረ። እርሷ ይህን የተማረችው በሁለተኛው ዓመት የትምህርቷ ዘመን በአንድ የልምምድ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ያን ጊዜ ስለ ኳንተም ሜካኒክስ ፈተና እፈተን ነበር።

ለመሆኑ እነዚህ ኮሌጆች ምንድን ናቸው? ቀደምቱ የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ሲሆን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚለው ስም በስፋት የተለመደው ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ካቀረበው ሪፖርት በኋላ ነው። ዓላማቸው በስማቸው አለ፤ የአካባቢውን ሰው በአካባቢው ማስተማር። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ በሩን አንኳኩቶ ይገባል፤ ክፍያቸው ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ ነው፤ ቀን የሚሠራ ሰው ማታ ይማርባቸዋል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅንና የሞንትጎመሪ ኮሌጅን በቅርብ ያውቋቸዋል።

በውስጣቸው ሁለት መንገድ አለ፤ ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ስላሉ ጠንቀቅ ብላችሁ ስሙኝ። አንደኛው ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ለመሸጋገር የታሰበ ነው። ሁለተኛው በተግባራዊ ሳይንስ የአሶሺየት ዲግሪ የሚያሰጥ ሲሆን በቀጥታ ወደ ሥራ ያደርሳል፤ ባብዛኛው 60 ክሬዲት ገደማ ነው። ኬሚካል ቴክኖሎጂ በአመዛኙ በሁለተኛው መንገድ ይሰጣል። በዚህኛው የተያዙ ክሬዲቶች ኋላ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ለሚል ሰው ሁሉም ላይቆጠሩለት ይችላሉ። ከመመዝገብ በፊት የትኛው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበል በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። እንደ ተማሪዬ ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ የሄደ ደግሞ ዲግሪውን አስመዝኖ ካቀረበ ከአንዳንድ ኮርሶች ነፃ ሊደረግ ይችላልና ይህንንም ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያውጣ።

የትምህርቱ ይዘት አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ የመጠን ትንተና፣ በመሣሪያ የሚደረግ ትንተና፣ ተግባራዊ ሒሳብ፣ ሪፖርት አጻጻፍና የሥራ ደህንነት ነው። ዝርዝሩን የሚያይ ሰው «ይህማ እኛ የተማርነው ነው» ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። ልዩነቱ በስሙ ላይ አይታይም። እኛ ጋዝ ክሮማቶግራፊን በሰሌዳ ላይ እናስተምራለን፤ ሞለኪውሎቹ በምን ምክንያት እንደሚለያዩ ተማሪው አሳምሮ ይጽፋል። እዚያ ተማሪው መሣሪያውን ይፈታል፣ የተደፈነ መርፌ ያጸዳል፣ ጋዝ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጋል፣ አንዱን ናሙና ሰባት ጊዜ አስገብቶ ሰባቱ ንባቦች ምን ያህል እንደተራራቁ ያሰላል። ውጤቱ ካልተስማማው ምን እንዳደረገ በመዝገብ ይጽፋል፤ በሰረዘው ላይም አንድ መስመር ብቻ አስምሮ ይፈርማል እንጂ አይፍቅም።

ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ የፕሮሰስ ቴክኖሎጂ የሚባል ዘርፍ አለ። አንደኛው ለቤተ ሙከራ፣ ሁለተኛው ለፋብሪካው ወለልና ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያዘጋጃል። በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ፣ የነዳጅ ማጣሪያዎችና የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎች ተደርድረው በሚታዩበት ምድር፣ ይህ ትምህርት በደንብ የተቋቋመ ነው። ሌክ ጃክሰን የምትባለው ከተማ ራሷ ዶው ኬሚካል ለሠራተኞቹ የቆረቆራት ናት፤ በውስጧ ያለው ብራዞስፖርት ኮሌጅም ለዚሁ ኢንዱስትሪ ሰው ያሠለጥናል። ተማሪዎቹ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ሙቀት ማቀያየሪያ፣ ስለ ማንጠሪያ ዓምድ ይማራሉ፤ የፋብሪካውን የቧንቧና የመለኪያ ንድፍ ማንበብ ይለማመዳሉ። በአንዳንዶቹ ኮሌጆች ግቢ ውስጥ እውነተኛ ትንሽ ፋብሪካ አለ፤ ተማሪዎች በፈረቃ ገብተው ያስነሡታል፣ ያቆሙታል፣ መምህሩ ሆን ብሎ ያበላሸውን ይፈልጋሉ።

ለዚህ ትምህርት መስፋፋት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. በፓሳዴና፣ ቴክሳስ፣ በአንድ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ በደረሰ ፍንዳታ 23 ሠራተኞች አለቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ የአሜሪካ መንግሥት አደገኛ ኬሚካል የሚይዙ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚያንቀሳቅሷቸውን ሠራተኞች ስለ ሂደቱ እንዲያሠለጥኑ፣ ሥልጠናውንም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲያድሱ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ብሔራዊው የሳይንስ ፋውንዴሽን ለሁለት ዓመት ኮሌጆች የቴክኒሺያን ትምህርት ገንዘብ እንዲመድብ አደረገ።

ደንብ ወጣ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግረውን አደጋ ዛሬም ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በቴክሳስ ሲቲ የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ 52 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አንድ የማንጠሪያ ዓምድ ከጥገና በኋላ እየተነሣ ነበር። ፈሳሽ በዓምዱ መካከል ገደማ ይገባል፤ ይሞቃል፤ ቀላሉ በላይ በኩል፣ ከባዱ በታች በኩል ይወጣል። በዚያን ዕለት ጠዋት ለሦስት ሰዓታት ያህል ፈሳሹ ሲገባ የታችኛው መውጫ ተዘግቶ ነበር። ዓምዱ ሞላ። ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ 48 ሜትር ደርሶ ሳለ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር 2 ሜትር ከ40 ገደማ ነበር። ይባስ ብሎም ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄድ ነበር።

ለምን ቀነሰ? ነገሩ የእኛው የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ነው። መለኪያው የሚሠራው በአርኪሜደስ ሕግ ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ የተንጠለጠለ ዘንግ ምን ያህል እንደቀለለ እያየ የፈሳሹን ከፍታ ይናገራል። የተሠራው የዓምዱን የታችኛውን ጥቂት ሜትር ብቻ ለመለካት ነው። ዘንጉ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ በኋላ ፈሳሹ በላዩ ሌላ አርባ ሜትር ቢጨመርም አያውቅም። ፈሳሹ በሞቀ ቁጥር ግን እፍጋቱ ይቀንሳል፣ ዘንጉን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይልም ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ይህን «ፈሳሹ ወረደ» ብሎ ይተረጉመዋል። በዚያ ላይ መለኪያው የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1975 በተጻፈ የመረጃ ወረቀት ላይ በነበረ የእፍጋት ቁጥር ነው። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደወል አልጮኸም። በዓይን ለማየት የተተከለው መስተዋት ቆሽሾ አያሳይም ነበር።

ፈሳሹ በዓምዱ አናት አልፎ ወረደ፣ በአሮጌ የማስወገጃ ጭስ ማውጫ በኩልም እንደ ፍል ውኃ ወደ ሰማይ ተረጨ። ሞተሩ ያልጠፋ መኪና በአቅራቢያው ቆሞ ነበር። በፍንዳታው 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ቆሰሉ። የሞቱት በሌላ ሥራ የመጡ፣ በጊዜያዊ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ የነበሩ የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው።

የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት ምርመራ ቦርድ ያወጣውን ሪፖርት ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ፊት የነበረው ሠራተኛ በቀን 12 ሰዓት፣ ለ29 ተከታታይ ቀናት ሠርቶ ነበር። የሌሊቱ ፈረቃ ለቀኑ ፈረቃ ትቶለት የሄደው ማስታወሻ ከአንድ መስመር አይበልጥም። የገባው ፈሳሽ መጠን በአንድ ስክሪን፣ የወጣው በሌላ ስክሪን ይታይ ስለነበር ሁለቱን አስተያይቶ ማየት ቀላል አልነበረም። የማሠልጠኛ ክፍሉ ሠራተኞች ደግሞ ቀደም ባሉት ዓመታት ከ28 ወደ 8 ተቀንሰው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ደክሞት በተቀመጠ ሰው ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ቦርዱም አልጫነም፤ ጣቱን የጠቆመው በአስተዳደሩ ላይ ነው።

ሆኖም እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ጠዋት ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው። የገባው የት ሄደ? ሦስት ሰዓት ሙሉ ገብቶ ምንም ካልወጣ በውስጥ አለ ማለት ነው፤ መለኪያው ምንም ቢል። ይህ የቁስ ሚዛን ይባላል፤ በኬሚካል ቴክኖሎጂ ትምህርት ቀድሞ የሚመጣ፣ ካልኩለስ የማይጠይቅ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ቁጥርን ከስክሪን ላይ አንብቦ ማመን ለተማረ ሰው እጅግ ይቀለዋል። የቴክኒሺያን ትምህርት ዋና ሥራ ይህን ቅለት መስበር ነው። የተማሪዬን ሁለት ዓመት ዋጋ ያለው የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከምርቃት በኋላ ስላለው ሥራ ብዙ አልቆይም። የመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር፣ የከተማ ውኃ ማጣሪያ፣ የአካባቢ ብክለት ምርመራ፣ የቀለም፣ የምግብና የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎች ይቀጥራሉ። ሜሪላንድ ያሉ ደግሞ ወደ ባዮቴክኖሎጂ ያዘነብላሉ፤ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የጀርመንታውን ግቢ በዚህ ይታወቃል። የትልቅ ፋብሪካ ኦፕሬተር ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ጋር ሲታሰብ ደመወዙ ከጀማሪ ኬሚስት ሊበልጥ ይችላል። ዋጋውም አለ። ፈረቃው ሌሊትንና በዓልን አይለይም፤ ፋሲካን በመቆጣጠሪያ ክፍል ያሳለፉ አበሾች ያውቁታል። ምርምር መምራት የሚሻ ሰውም ያለ ዲግሪ ከፍ የሚልበት ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው። አንዳንድ ቀጣሪዎች ግን ለሚቀጥለው ትምህርት ይከፍላሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም ከመጀመሪያ የሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ነበር፤ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከእርሻ መሣሪያ፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከብረታ ብረትና ከእንጨት ሥራ ጋር። ተቋሙ ኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ መሆኑን የሚጠላ የለም። እኔ የምለው ሽቅብ ስናድግ መካከለኛውን እርከን ተክተን አላለፍንም ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተስፋፍተዋል፤ ግን ለዓመታት ከአሥረኛ ክፍል ወደ መሰናዶ ያላለፈ ልጅ ወደዚያ ይላክ ስለነበር ስሙ ከውድቀት ጋር ተጣበቀ። ይህ ከዚያም የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሳደብን ሰው በአዋጅ መከልከል ያስፈለጋቸው ቆዳ የሚፍቀውንና ብረት የሚቀጠቅጠውን የምናንቋሽሽ ሕዝብ ስለነበርን ነው። ቆዳ ፋቂው ግን በዚህ አገር የመጀመሪያው የኬሚካል ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነበር፤ ቆዳው መቼ እንደበሰለ በጣቱ ያውቃል።

ሥራው ደግሞ አለ። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር በምታመርተው ወንጂ ጭማቂው ምን ያህል ስኳር እንደያዘ፣ ከተጨመቀው አገዳም ምን ያህል እንደቀረ በየፈረቃው መለካት አለበት። ገለባው በቦይለር ይቃጠላልና በውስጡ የቀረ ስኳር ካልታወቀ ገንዘቡ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በክረምት የገፈርሳና የለገዳዲ ውኃ ሲደፈርስ ምን ያህል አለም እንደሚጨመር የሚወሰነው አንድ ሰው ስድስት ብርጭቆ ደርድሮ፣ በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ጨምሮ፣ አማስሎ፣ የትኛው ቀድሞ እንደጠራ በዓይኑ አይቶ ነው። ያ ሰው ከተሳሳተ በከተማው ላይ የሚደርሰውን እናንተ አስቡት።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ባለፈው ዓመት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ውኃ አፍልተው የሙቀቱን መጠን እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቴርሞሜትሮቹም በትክክል ይህንኑ አሳይተዋል። ከተሰጡኝ ሪፖርቶች ብዙዎቹ ግን 100 ዲግሪ ይላሉ። ተማሪዎቹን ጠርቼ ስጠይቃቸው አንዱ በቅንነት፣ «መጽሐፉ 100 ስለሚል ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎኝ ነው» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቴርሞሜትሩን በሌላ ቴርሞሜትር ለማረጋገጥ ግን አላሰበም፤ እኛም እንዲያስብ አላስተማርነውም። የ1975ቱ የመረጃ ወረቀት ትዝ ይበላችሁ።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሉ አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ባልደረቦቼ የሚቃወሙበትንም ምክንያት አውቃለሁ። የሰሌዳው ጊዜ ያጥራል፣ ክፍሉ ተማሪ ሞልቶታል፣ መሣሪያው ጥቂት ነው ይላሉ፤ ሁሉም እውነት ነው። ሆኖም የምጠይቀው ውድ መሣሪያ አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፒፔት፣ ሚዛንና የተጣራ ውኃ ይሰጠው። 10 ሚሊ ሊትር ይቅዳ፣ ይመዝን፣ አሥር ጊዜ ይድገም፤ ውኃው ለምን ከ10 ግራም ትንሽ እንደሚያንስ ያብራራ፤ ፒፔቱ የሚዋሸውን ያህል ቁጥር አውጥቶ በላዩ ለጥፎ ዓመቱን ሙሉ በዚያው ይሥራ። ይህ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ተማሪዬን ደግሜ ደውዬለት ነበር። የሌዱን ታሪክ ነገርኩት፤ ሳቀ። ትምህርቱን ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ወር ያለፈው በሚዛን ብቻ እንደሆነና አሰልቺ እንደሆነበት ነገረኝ። ለእናቱ ነግሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

የመጀመሪያው የፒፔት ልምምድ በመጪው ሳምንት በታችኛው ቤተ ሙከራ በፈቃደኞች ይጀመራል። የሚያስተምሩት የቤተ ሙከራችን ቴክኒሺያን ናቸው፤ እኔም እንደ ተማሪ እገኛለሁ። ለመመዝገብ የምትፈልጉ ስማችሁን ለእርሳቸው ስጡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።